ሸማውን ሳይዘረጉ

«ዕድለኛ ስህተት» ብለው ጻፉት። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሠራሁበት የምርምር ተቋም አንድ ፖስታ ደረሰኝ። ተቋሙ የኢዮቤልዩ በዓሉን ሊያከብር ነበርና ትንሽ የመታሰቢያ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነበር፤ ከመታተሙ በፊት እኔን የሚመለከተውን ገጽ አንብቤ፣ ፈርሜ እንድመልስ ሊና የምትባል አዘጋጅ ልጅ ልካልኛለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ «የተከበሩ ወይዘሮ ጽጌ» ብላ ነው የምትጀምረው። ገጹ ላይ የወጣትነቴ ፎቶግራፍ አለ፤ ነጭ የላቦራቶሪ ካፖርት ለብሼ፣ አንገቴ ላይ ማተቤ ጎልቶ እየታየ። ከፎቶው ሥር ሦስት መስመር ጽሑፍ። ፕሮቲን የዲኤንኤን ፊደል ብቻ ሳይሆን አጎነባበሱንም እንደሚያነብ ላቦራቶሪያችን የደረሰበት፣ ጾም ላይ የነበረች አንዲት አፍሪቃዊት ረዳት በሠራችው ዕድለኛ ስህተት ነው ይላል። መነጽሬን አወለቅሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ አጠለቅሁ። ስህተቱ ከነዕድሉ እዚያው ቁጭ ብሏል።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ይቅር ማለት ግዴታዬ ነው። ይቅር ማለትና መፈረም ግን ለየቅል ናቸው። ነገሩ የኔ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ዝም ባልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ በባዕድ አገር መጽሐፍ ውስጥ ምን ተባልኩ ብዬ እንቅልፍ የማጣ ሴት አይደለሁም። ግን እዚያ ገጽ ላይ ስህተት የተባለው ሥራ የኔ ብቻ አልነበረም። የጋሽ ይማም ነው። ጋሽ ይማም ያስተማሩኝን ነገር «ስህተት» በሚል ወረቀት ላይ ስሜን አኑሬ ወደ መቃብር አልወርድም።

ጋሽ ይማም የካዛንቺስ ሸማ ነጋዴ ነበሩ፤ የወሎ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከነጭ ቆባቸው ሥር ሁልጊዜ ሩቅ ነገር የሚያዳምጡ የሚመስሉ። ሱቃቸው ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ካዛንቺስ ሲመጣ፣ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ባለ በረንዳ ቤቶች ጫፍ ላይ የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ሰፈሩን ዛሬ በመስታወት ፎቅና በሰፊ መንገድ ለምታውቁት ሰዎች ምን ብዬ ላስረዳችሁ። ያኔ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ሰይቸንቶ ታክሲ ከስታዲየም እስከ ሰፈራችን በስሙኒ ታደርሰን ነበር። በእግራችን የመጣን ዕለት ደግሞ ያቺ ስሙኒ ለአምስት ፓስቲ ትበቃለች፤ ፓስቲው የተጠቀለለበት ጋዜጣ ዘይቱን አሳልፎ የደብተራችንን ሽፋን ያረጥበዋል፤ የሒሳብ አስተማሪያችን «ይኼ ደብተር ነው ወይስ መጥበሻ?» ይሉን ነበር። ወንዶቹ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ፣ ቆነጃጅቱ ከጉልበት በላይ የቀረ ቀሚስና እንደ ደመና የተነፋ አፍሮ። ቡና ቤቶቹ ከቀትር በኋላ ሸክላ ማሰማት ይጀምራሉ፤ ሳክስፎኑ ከአንዱ በረንዳ ወጥቶ በሌላው በረንዳ ይገባል። እሑድ ስታዲየም ጎል ሲቆጠር ጩኸቱ እስከ ጓሯችን ይሰማል፤ እናቴ ልብስ እያሰጣች «ማን አገባ?» ትላለች፤ የሚመልስላት የለም፤ እሷም መልስ አትጠብቅም። የዘመኑን ፖለቲካ ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔ አጥርቼ የማስታውሰው የሸማውን ጠርዝ ነው።

የጋሽ ይማም ልጅ ዘይነባ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳችንን ባንኮው ሥር ወርውረን እናግዛቸዋለን፤ አርብ እሳቸው ለጁምዓ ሲሄዱ ሱቁን እኛ እንጠብቃለን። አንድ ሕግ ብቻ ነበረች፤ የታጠፈ ሸማ ሳይሸጥ አይዘረጋም። «የተዘረጋ ሸማ የተለበሰ ሸማ ነው» ይላሉ። ሸማኔው ያጠፈውን እጥፋት ማንም መልሶ እንደዚያ አያጥፈውም፤ አንዴ ከተዘረጋ አቧራ ይጠጣል፣ ገዢውም «ማን ለብሶት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ነጠላው ሁሉ መደርደሪያው ላይ እንደታጠፈ ተደርድሮ፣ ወደ ውጭ የሚታየው ጥለቱ፣ ማለቴ ጫፉ ላይ በባለ ቀለም ክር የተሠራው ጌጥ፣ እሱም ጠርዙ ብቻ ነው። ደንበኛ መጥቶ የሚፈልገውን ሲነግራቸው ጋሽ ይማም ሌባ ጣታቸውን በዚያ የጠርዝ ክምር ላይ ያንሸራትታሉ። ጣቲቱ አትቸኩልም፣ አትቆምምም። በሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ታርፋለች፣ በማንም ላይ አትከርምም፤ ከዚያ ድንገት አንዱ ላይ ቀጥ! ቀጥ ካለች አለቀ፤ ያ ነው።

ነገሬ የሚጀምረው ከጥምቀት በፊት በነበረች አንዲት አርብ ነው። ጋሽ ይማም መስጊድ ናቸው። አንዲት አፍሮዋ በር የማያስገባት የቢሮ ሴት ቀሚስ በፌስታል ይዛ መጣች፤ ለቀሚሱ ጥለት የሚመሳሰል ነጠላ ትፈልጋለች፤ ቸኩላለች፤ ታክሲ አቁማለች። ዘይነባ አንዱን ዘረጋች። «አይደለም።» እኔ ሌላውን ዘረጋሁ። «እሱም አይደለም።» በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም እብድ ሆንን፤ የታችኛውን መደርደሪያ ሙልጭ አድርገን ዘረጋነው። ጋሽ ይማም ከጸሎት ሲመለሱ እኛ እስከ ወገባችን ድረስ ሸማ ውስጥ ቆመናል።

«ጽጌ» አሉኝ በር ላይ ቆመው፣ «ሱቁን ጎርፍ ገባው እንዴ?»

«አባዬ፣ ሴትዮዋ ቸኩላ እኮ ነው» አለች ዘይነባ።

«ሴትዮዋ ብትቸኩል ሸማው ምን አጠፋ? አንድ ሰው ልትጠሩ ሄዳችሁ መንደር ሙሉ ሰው ከቤቱ አስወጣችሁ።»

አልጮኹም። የቀሚሱን ጥለት ባንኮው ላይ አስተኝተው በጣታቸው አንድ ጊዜ ሄዱበት፤ ከዚያ እኛ ወዳልደረስንበት ወደ ላይኛው መደርደሪያ ዞረው ጣታቸውን አንሸራተቱ። አለፉ፣ አለፉ፣ ቆሙ፣ አንድ ተመለሱ፣ አንዱን ስበው አወጡ። እኔ ሞኟ የወጣውን ጥለት አይቼ አፌ አመለጠኝ። «ጋሼ፣ ተሳስተዋል።» ዘይነባ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፤ ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም።

«የቱ ጋ?» አሉ እንጂ አልተቆጡም።

«መሐሉ ላይ። የቀሚሱ መስመር አረንጓዴ ነው፤ ይኼኛው ሰማያዊ ነው። እዚህ ከዘረጋነው ውስጥ አረንጓዴው አለ።»

«ዓይንሽ አልዋሸሽም። በይ አረንጓዴውን አምጪና ለእሜቴ አልብሻቸው።» አለበስኳት። ነጠላው ትከሻዋ ላይ እንደ ካርቶን ቆመ። ሰማያዊውን አለበስኳት፤ እንደ ውኃ ወረደ፤ ቀሚሱና ነጠላው አንድ ላይ የተወለዱ መሰሉ። «አየሽ» አሉኝ፣ «ዳርና ዳሩን ጣቴ ያነበዋል፤ እዚያ ላይ አንዲት ክር ብትሳሳት አልምርም። መሐሉን ግን ጣቴ አይነካውም፤ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ ይገባል። መሐሉ የሚጠየቀው ‹ትጎነበሳለህ ወይ?› ተብሎ ነው። የቀሚሱ ሸማኔና የሰማያዊው ሸማኔ አንድ ሰው ነው፤ ድሩን የወጠረው አንድ እጅ ነው።» ሴትዮዋ ከነአፍሮዋ ታክሲዋ ውስጥ ተጣጥፋ ሄደች። እኔና ዘይነባ እስከ ምሽት ሸማ ስናጥፍ ዋልን፤ አንዱም እንደ ድሮው አልታጠፈም።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ይማም ዓይኔን በሻሽ አስረው ያስተምሩኝ ጀመር። የሐሩ ክር እንደሚያንሸራትት፣ የጥጡ እንደሚይዝ፣ ሰፊው ከጠባቡ እንዴት እንደሚለይ። ከግራ ብትጀምሩትም ከቀኝ ብትጀምሩትም አንድ ዓይነት የሚነበብ ጥለት እንዳለ፤ «እሱን በሁለት እጅ ነው የሚይዙት፤ ግራሽ የምታነበውን ቀኝሽ ከወዲያ ጫፍ ታነበዋለች፤ ሁለቱ ሲስማሙ አይለቁም» እያሉ። ዘይነባ ሰነፍ አልነበረችም፣ ግን ትስቅ ነበር። «እኔ እግዜር ዓይን ሰጥቶኛል፤ ጣቴን ፓስቲ እበላበታለሁ» ትላለች። አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር፤ በረመዳን፣ ከንጋት ጀምሮ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ የጋሽ ይማም ጣት ከሌላው ጊዜ ይፈጥናል። ስጠይቃቸው «የጠገበ እጅ ያወራል፤ የጾመ እጅ ያዳምጣል» አሉኝ። በረመዳን እኔ ምሳዬን ተደብቄ እበላ ነበር፤ በሑዳዴ እሳቸው እኔ ፊት ወተት አይጠጡም ነበር። ያዘዘን ሰው አልነበረም።

ይኼን ሁሉ ይዤ ነው እዚህ ወደ ሰሜን ጀርመን፣ ባሕሩ ግራጫ ወደ ሆነባት ከተማ፣ በትምህርት ዕድል የመጣሁት። ስመረቅም በዚሁ ተቋም ላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ቀረሁ። ዲኤንኤን መጀመሪያ ያስተማሩን ቀን ሳቄ መጣ። ሁለት ክር እርስ በርሱ የተገመደ ነው፤ አራት ዓይነት ፊደል አለው፤ ፊደሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረዋል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ፊደል ደግሞ ብዙ ሚሊዮን፣ ከዚያም በላይ ነው። ፕሮቲን የተባለው ሠራተኛ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የራሱን አንዲት አጭር ቃል ፈልጎ ይይዛል፤ ሲይዛት አንዱ ዘረ መል ሥራ ይጀምራል ወይም ያቆማል። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ፊደሎቹ ወደ ውስጥ ከዞሩ ክሩን ሳይፈታ እንዴት ያነባቸዋል?» አለ። እኔ በሆዴ «በጠርዙ ነዋ!» አልኩ። በጠርዙ ነው። ግምዱ ላይ ሁለት ቦይ ይሄዳል፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፤ በሰፊው ቦይ ውስጥ የፊደሎቹ ጥንዶች ጠርዝ ወደ ውጭ ይታያል፤ እያንዳንዱ ጥንድ ጠርዙ ላይ የራሱ ጉብታና ስርጉድ፣ የራሱ መሳቢያና መግፊያ አለው። ፕሮቲኑ እንደ ጣት ያለ አካሉን ቦዩ ውስጥ ከትቶ ይዳስሰዋል። በሁሉም ላይ ላላ ብሎ ይንሸራተታል፣ ምክንያቱም የፕሮቲኑና የዲኤንኤው ኤሌክትሪክ ይሳሳባል፤ የራሱ ቃል ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ! ብዙዎቹ ደግሞ ጥንድ ሆነው ነው የሚይዙት፣ ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት የሚነበበውን ቃል በሁለት እጅ። እነሱ ይኼን በስንት መሣሪያ ደረሱበት፤ እኔ ከኡራኤል በታች ከአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ይዤው መጥቻለሁ።

ነገሩ የሆነው በአንድ ሑዳዴ ነው። ሥራዬ የምናጠናው ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ የት እንደሚቀመጥ ማሳየት ነው። ዘዴውን በቀላሉ ልንገራችሁ። ዲኤንኤውን ከፕሮቲኑ ጋር ትቀላቅሉና የሚቆራርጥ ነገር ትጨምሩበታላችሁ፤ ቆራጩ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይቆርጣል፤ ፕሮቲኑ የተቀመጠበትን ግን መድረስ አይችልም። ቁርጥራጩ በመጠን ተለይቶ ፊልም ላይ ሲወጣ መሰላል ይመስላል፣ ጥቁር ጥቁር እርከን። ፕሮቲኑ የያዘው ቦታ ላይ እርከን የለም፤ ባዶ ነው። እኔ በጨለማው ክፍል በቀይ መብራት «በስመ አብ» ብዬ ፊልሙን ከማጠቢያው ሳወጣ፣ አንድ ባዶ ቦታ ስጠብቅ ሁለት ሆነ። አንዱ የምናውቀው ነው፤ ሁለተኛው ከሱ ራቅ ብሎ፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለ። የፊደሉን ቅደም ተከተል አመሳከርኩ። ዳርና ዳሩ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፤ የተለየው መሐሉ ላይ ያለ አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ እሱም ፕሮቲኑ የማይነካው ፊደል። ሰማያዊው ነጠላ ነው!

የላቦራቶሪው አለቃ ፊልሙን ወደ መስኮት አነሱት። ሽማግሌ ናቸው፣ የተማሩ፣ ክፉ ያልሆኑ፣ ግን መጽሐፍ የማይለውን የማይወዱ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሁለተኛ ማረፊያ ነው።»

«ሁለተኛ ማረፊያ የለም። ፊደሉ አይገጥምም። ወይዘሪት ጽጌ፣ ዛሬ ምን በልተዋል?»

«ገና አልበላሁም። ጾም ነው።»

«እንዲያ ይበሉኝ! እጅዎ ተንቀጥቅጦ ነዋ። ይሂዱና ሾርባ ጠጥተው ይድገሙት። ይህን ግን በሥራ ደብተሩ ላይ ‹የእጅ ስህተት› ብለው ይፈርሙበት።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አጎነበሱ። የአለቃው ብዕር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሥራ ውሌ ሊያልቅ ሳምንታት ቀርተውታል፤ ውል ከሌለ የመኖሪያ ፈቃድ የለም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌለ ተጠቅልሎ መመለስ ነው፣ ያውም ያኔ ወደ ነበረችው አገር። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ በማይክሮስኮፕ ነው የምትሠራው» እያለች ታወራለች። ብዕሩን አንስቼ ሁለት ቃል መጻፍ ነበር። ልዋሻችሁ አልችልም፣ እጄ ወደ ብዕሩ ሄዶ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን ግን የሻሹ እጥፋት ዓይኔ ላይ ያለ መሰለኝ።

«እደግመዋለሁ» አልኩ። «ጾሜን ግን አልፈታም። ‹የእጅ ስህተት› ብዬም አልፈርምም።»

«ውልዎ በፋሲካ እንደሚያልቅ ያስታውሳሉ?»

«የኛ ፋሲካ ዘንድሮ ከእናንተ ይዘገያል።»

አንዱ በሳል አስመስሎ ሳቀ። የአለቃውም ከንፈር ትንሽ የተነቃነቀ ይመስለኛል። እኔ አልሳቅሁም። «አንድ ነገር ልለምንዎ» አልኩ። «ብልቃጦቹን እርስዎ ያዘጋጁልኝ። የትኛው ውስጥ ፕሮቲን እንዳለ፣ የትኛው ውስጥ እንደሌለ አይንገሩኝ፤ ቁጥር ብቻ ይጻፉበት። ዓይኔን ይሸፍኑልኝና ይዩት።»

ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱንም በጾም። የመጨረሻው በሰሙነ ሕማማት ውስጥ ዋለ፤ ጠዋት ቤቴ ስሰግድ አንግቼ፣ ጉልበቴ እያመመኝ፣ ብልቃጥ ስይዝ እጄ ግን እንደ ሻማ ቀጥ ብላ። ጓደኞቼ ሙዝ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡልኛል፤ ጭንቀታቸው ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉንም አንድ ላይ እበላዋለሁ። ሦስተኛውን ፊልም አለቃው ራሳቸው ጨለማው ክፍል ገብተው ከጎኔ ቆመው ጠበቁት። ፕሮቲን ባልነበረባቸው ቁጥሮች ላይ መሰላሉ ሙሉ ነው። ፕሮቲን በነበረባቸው ሁሉ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ አለ፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ደብዛዛ፣ ልክ በመጀመሪያው ቀን በነበሩበት ቦታ። አለቃው ቁጥሮቹን ከራሳቸው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ አመሳከሩ።

«በልተዋል?» አሉ መጨረሻ ላይ።

«አልበላሁም።»

«ይጻፉት እንግዲህ» አሉኝ። በደብተሩ ላይ የተጻፈው «ሁለተኛ ማረፊያ» ነው፤ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል፣ የእጅ ጽሑፌ ነው። ያ ባለ አንድ ፊደል ልዩነት ቦታ እንደ መጀመሪያው በቀላሉ የሚጎነበስ ዲኤንኤ ሆኖ መገኘቱን በኋላ ሌሎች በሌላ መሣሪያ አረጋገጡት። ፕሮቲኑ ዳርና ዳሩን በጣቱ አንብቦ፣ መሐሉን ደግሞ «ትጎነበስልኛለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ውሌ ታደሰ። ጥናቱ ሲታተም ስሜ መጨረሻ ላይ ምስጋና ከሚቀርብላቸው ጋር ገባ፤ ይኼ ያኔም ብዙ አላስከፋኝም። የፋሲካ ዕለት ዶሮዬን ብቻዬን በላሁ፤ አንድ ጭኑን ለጋሽ ይማም ብዬ አስቀመጥሁና፣ እሳቸው ክርስቲያን የባረከውን ሥጋ እንደማይበሉ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሽ ይማም ያረፉት ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው።

እንግዲህ የሊናን ወረቀት ካነበብሁ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት ለዘይነባ መደወል ነው። ዛሬ ከከተማው ጠርዝ አንድ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ካዛንቺስ ሲፈርስ እዚያ ደርሷታል።

«አንቺ! አለሽ እንዴ?» አለችኝ። «እኔ እኮ ዝም ስትዪ ቅዱሳኑ ቶሎ ወሰዷት ብዬ።»

«የአባትሽ መደርደሪያ የት ደረሰ?»

«የት ይደርሳል? ሳሎኔ ውስጥ ነዋ! መኪና የጫነልኝ ሰውዬ ‹እማማ፣ ይኼን የበሰበሰ እንጨት ምን ያደርጉታል?› ይለኛል። ‹አንተን ልደረድርበት› አልኩት። አሁን እላዩ ላይ ሸማ አለ፤ የፎቁ ሴቶች በበዓል ሰሞን ይገዙኛል።»

«ትዘረጊላቸዋለሽ?»

«አባዬ ከመቃብር ተነሥቶ እንዲመጣብኝ ነው?»

የድሮው ቦታ ምን እንደሚመስል ጠየቅኋት። «ባዶ ነው» አለችኝ። «ሣር ተክለውበታል፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ መብራት አለ። ያምራል፣ በቃ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ግን ባለፈው ሄጄ ሱቃችን የቱ ጋ እንደ ነበረ ቆሜ ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁት ጽጌ። እዚያ የተወለድኩት ሴትዮ!» የላቦራቶሪው ፊልም ትዝ አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ባዶ ቦታ ሳይ «እዚህ አንድ የያዘ ነገር ነበር፣ ቆራጩ አልደረሰበትም» እያልኩ ኖሬያለሁ። ካዛንቺስ ላይ ነገሩ ተገልብጧል፤ እዚያ ባዶ የሆነው ቆራጩ የደረሰበት ነው። ታዲያ የያዘው ነገር የት ሄደ? አንዱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሸማ ሳይዘረጋ ይሸጣል። አንዱም እዚህ ግራጫው ባሕር አጠገብ ተቀምጦ ወረቀት አልፈርምም ይላል። ይኼን ለዘይነባ አላልኳትም፤ ያልኳት «የአባትሽን ስም መጽሐፍ ላይ ላስጽፍ ነው» ብቻ ነው።

«ጀርመን አገር? ወሎዬው ይማም?» ሳቋ ስልኩን አንቀጠቀጠው። «ቆይ፣ ሸማ ነጋዴ መሆኑን ነግረሻቸዋል?»

ያን ዕለት ከሰዓት ለሊና ደወልኩ። «አልፈርምም» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ሙገሳ እንጂ ስድብ አልመሰላትም ነበር። ሰው «ዕድለኛ» ሲባል ደስ የሚለው መስሏት ነው።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ የትኛው ቃል ነው ያስከፋዎት? ‹ስህተት› የሚለውን ብናወጣውና ‹ዕድል› ብቻ ብንለውስ?»

«ዕድልም አልነበረም። የማየውን ነገር ሳላየው በፊት አውቀው ነበር። ያስተማረኝ ሰው አለ።»

«የላቦራቶሪው አለቃ ማለትዎ ነው?»

«አይደለም። ይማም የሚባሉ ሰው።»

የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንኳኩ ይሰማኛል። «የየትኛው ተቋም ባልደረባ ነበሩ?»

«ካዛንቺስ» አልኳት።

ቁልፎቹ እንደገና ተንኳኩ፤ ከዚያ «በመዝገባችን ውስጥ አላገኘሁትም» አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኳት። ጠርዙን፣ ጣቱን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን፣ ብልቃጡን። መጀመሪያ ትጽፍ ነበር፤ በኋላ መጻፍ አቆመች፤ እያዳመጠች እንደሆነ በትንፋሿ አወቅሁ። አዘጋጆቹ ምን እንደሚሉ እንደማታውቅ፣ ቦታው ሦስት መስመር ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። «ሦስት መስመር ይበቃኛል» አልኳት፤ «ካልሆነ ግን ፎቶዬንም አውጡት። ማተቤን ይዤ እወጣለሁ።»

መጽሐፉ ባለፈው ሳምንት አይደለም፣ ከዚያ በፊት በነበረው መጣ። ሦስት መስመር ነው። ሁለተኛው ማረፊያ የተገኘው፣ ወይዘሮ ጽጌ በአዲስ አበባ ካዛንቺስ ሰፈር ከሸማ ነጋዴው ከአቶ ይማም በተማሩት ሳይዘረጉ የማንበብ ዘዴ ነው ይላል። «ዕድል» የሚል የለም፤ «ስህተት» የሚል የለም። ሁለት ቅጂ ልከውልኛል። አንዱን ከመዝሙረ ዳዊቴ አጠገብ አስቀመጥሁ። በሁለተኛው ላይ፣ የኛ ገጽ ጠርዝ ጋ፣ ሐር ክር በመርፌ አሳልፌ ቋጠርኩበትና ወደ አዲስ አበባ በምትሄድ የቤተ ክርስቲያን እህት እጅ ለዘይነባ ላክሁ። ዛሬ ደወለችልኝ።

«ደረሰኝ። በጀርመንኛ ነው እንዴ ሁሉም? የአባዬ ስም የቱ ጋ ነው?»

«እንዳትገልጪው» አልኳት። «መደርደሪያው ላይ አስቀምጪውና ጠርዙን በጣትሽ ሂጂበት።»

«አንቺ ሴትዮ አላበዛሽውም? እኔ ድሮም ጣት የለኝ።»

«ዓይንሽን ጨፍኚ ዘይነባ።»

ስልኩን ባንኮው ላይ፣ ይቅርታ፣ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ተሰማኝ። ከዚያ የወረቀት ጠርዝ ላይ የሚንሸራተት ጣት፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆም። አለፈ፣ አለፈ። ቆመ። አንድ ተመለሰ።

ስልኩን አነሳችው።

«ያዝኩት» አለችኝ።